የድንኳኑ ዘማች
ባለፈው እሁድ እድራችን ድንኳን ስለማስጠገን ሊመክር ተሰብስቦ፣ ወንዶቹ ሶማሊያ ያለው ጦራችን ይውጣ አይውጣ ብለው ተፋጠጡላችሁ። ጎረቤቴ ኦቦ ዋቅጅራማ ጠረጴዛውን እየደበደቡ፣ «አንድ እርምጃ ወደ ኋላ የለም!» አሉ። ጀግና አይጥፋ! ይሄኔ ልጇ እዚያው የዘመተባት አዴ ጫልቱ ብድግ አለች።

«ያ ኦቦ ዋቅጅራ፣ ልጄ ከሄደ ሁለት ዓመቱ ነው። እርስዎ ባለፈው ለቅሶ የድንኳን ተረኛ ሆነው፣ ገና ሲያካፋ ጥለውን ቤትዎ አልገቡም?»

እውነቷን ነው፤ እርጥብ ካልሲያቸው አጥር ላይ ተሰጥቶ በዓይኔ አይቻለሁ። ሰውዬው ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ «እሱ እንኳ ለስልት ማፈግፈግ ነበር» አይሉ መሰላችሁ! እኔ ሳቄን በነጠላዬ አፈንኩ። ጫልቱ ግን አልሳቀችም።

«እንግዲያው ይቺን ስልት ለልጄም ይፍቀዱለት» አለቻቸው።