የወጌሻው አፍ

አንገቴ አልዞር ብሎኝ ወደ ኔሬይዳ ስሄድ፣ አጎቷ ቤት እንዳለች ነገሩኝ። ኔሬይዳ ዋና ከተማችን ማናጓ ሄዳ ማሳጅ የተማረች ልጅ ናት፤ አጎቷ ዶን ኢላሪዮ ደግሞ የዲሪያምባን የአገራችንን ሰው ሙሉ ሲያሽ ያረጀ ወጌሻ ነው። እኔ የዚያን ሰው ደጅ ከረገጥኩ ብዙ ዘመኔ ነው። ሕመሙ ግን ኩራቴን አሸነፈውና ገባሁ።

ግቢው ውስጥ ፋውስቲኖ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ሆዷን ያመማትን ልጁን አምጥቶ ነው። ሶኮሮ ልበላት፤ እውነተኛ ስሟን አልጽፍም። ሃያ ዓመት ያለፋት ልጅ ናት።

“የበላችው ሳይሆን ሌላ ነገር ከሆነ ዛሬ ቤቴ አታድርም” አለኝ ሰላምታዬን እንኳ ሳይመልስ።

ኩሽና ገብቼ ኔሬይዳን ሳናግር፣ ዶን ኢላሪዮ ከጓዳ ወጥቶ እጁን መታጠብ ጀመረ።

“የበላችው አይደለም፤ አርግዛለች” አለ።

“አጎቴ፣ ሰው ቆሟል እኮ” አለች ኔሬይዳ።

“እሱማ የቤት ሰው ነው።”

የቤት ሰው አደረገኝ፣ እሱ።

“ለራሷ ነገሯት?” አለችው ኔሬይዳ።

“ነገርኳት። አባቴ እንዳይሰማ ብላ እጄን ይዛ አለቀሰች። ልውጣና ልንገረው።”

“ለምንድነው የሚነግሩት?”

“ያመጣት እሱ ነው። አባቴም አያቴም አሽተው ሲጨርሱ ላመጣው ሰው ይናገሩ ነበር። እናንተ ትምህርት ቤት ገብታችሁ ማሸቱ ሲያቅታችሁ አፍ መዝጋት ተማራችሁ?”

“ማሸት ካቃተኝ ባለፈው ወገብዎን ማን አቃናው?”

“ቅባቱ ነዋ።”

“እሺ፣ ቅባቱ ይሁን። ሰው ግን ልብሱን አውልቆ ፊታችን የሚተኛው አምኖን ነው። እጃችን ያገኘው ነገር የታሸው ሰው ምስጢር ነው እንጂ የኛ አይደለም። ፋውስቲኖ ያለውን ሰምተዋል። ዛሬ ማታ ልጅቷ የት ትደር?”

እኔ ዝም ማለት አልቻልኩም። “ዶን ኢላሪዮ፣ ጎረምሳ ሳለሁ ብሽሽቴን ሲያሹኝ፣ ይሄ አይወልድም ብለው እዚያ ግቢ ውስጥ ለወንድሜ ነገሩት። ሳምንት ሳይሞላ እጮኛዬ ጆሮ ደረሰ። ሌላ ሰው አገባች።”

“እውነቱን ነው የተናገርኩት።”

“እውነት ነው። ግን የኔ እውነት ነበር።”

ሽማግሌው እጁን ሳያደርቅ በርጩማ ላይ ተቀመጠ።

“እናንተ አታውቁትም” አለ። “በዚህ እጅ ዕጢ አግኝቻለሁ። ባሏ የሰበረውን የሴት ጎን አግኝቻለሁ። ይህን ሁሉ ይዤ የት ልግባ? ግቢ ውስጥ ለተቀመጠው ሰው ስናገረው ይቀለኛል።”

ያን ሁሉ ዘመን ክፋት ነው ብዬ ስጠላው ኖሬአለሁ። ለካ ክፋት እንኳ አልነበረም። ሰውዬው እንዲቀለው ሲል እጮኛዬን አጣሁ። ይህን ማወቄ ከበፊቱ ይልቅ አንገበገበኝ።

ኔሬይዳ አጠገቡ ቁጢጥ አለች። “ማሳጅ የምንሠራው ቅዳሜ ቅዳሜ እንገናኛለን። የሰው ስም አይነሳም፣ መንደርም አይነሳም። የከበደንን እናወራለን፣ የትኛውን ሕመም ሳንነካ ወደ ሐኪም እንደምንልክ እንመካከራለን። የተደበደበች ስትመጣ ምን እንደምናደርግላትም። ይምጡና እዚያ ያራግፉት።”

“ከልጆች ጋር?”

“ከእርስዎ የሚበልጡ ሽማግሌም አሉ። የእርስዎን ያህል ግን አያማርሩም።”

ሳቅ ብሎ ተነሳና ወጣ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ሰማሁ።

“ያገኘሁትን ለልጅህ ነግሬያታለሁ” አለው ፋውስቲኖን። “ከዛሬ ወዲያ ለታሸው ሰው ብቻ ነው የምናገረው።”

“እኔ አባቷ ነኝ። የጎረቤቴን ልጅ ነገር ለአባቷ ነግረውት የለም እንዴ?”

“ነግሬዋለሁ። አጥፍቻለሁ።”

“አርጅተሃል” አለው ፋውስቲኖ። እስከዚያች ደቂቃ አንቱ ነበር የሚለው።

ሶኮሮ ከኔሬይዳ ጋር ወጣች። “የሆንኩትን እኔው እነግርሃለሁ አባዬ። ዛሬ ግን አክስቴ ቤት ነው የማድረው።”

እሑድ ሶኮሮ፣ አክስቷና ኔሬይዳ ግራና ቀኝ ተቀምጠውላት፣ ለአባቷ ነገረችው። ጮኸ፣ ወንበር ሰበረ፣ ለብዙ ጊዜም አኮረፋት። ግን አላባረራትም፤ ልጇን የወለደችው እዚያው ቤት ነው። እሱ በሌላ ሰው አፍ ቢሰማው ኖሮ የት ትወድቅ እንደነበር የመንደሩን ሰው መጠየቅ ነው።

ዶን ኢላሪዮ አሁን የቅዳሜውን ስብሰባ አያስቀርም። ወሬ ለመልቀም ይመጡ የነበሩት ቀርተውበታል፤ አፉ ሞተ ይሉታል። ሌሎች ግን መጥተዋል፤ በፊት ሕመማቸውን ደብቀው ይኖሩ የነበሩ ሴቶች፣ እሱ ራሱ በጊዜ ወደ ሐኪም የላካቸው ሰዎች። ድሮ እሱ አልጋ ላይ የተኛ ሰው ጥርሱን ነክሶ፣ ዓይኑን አፍጥጦ ነበር የሚታሸው። ዛሬ እየታሹ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል።

የኔን አንገት ያሸችው ኔሬይዳ ናት፤ እሱ አልጋ ላይ ግን እስከ አሁን አልተኛሁም።