ድምፅህን ላክልኝ

በሰኔ ወር፣ በእኩለ ቀን፣ በመንሱራ ጎዳና ላይ ያለ ጥላ የሚቆም ሰው ካዩ ወይ ለአገሩ አዲስ ነው ወይ ራሱን የረሳ ነው። ጋሽ ገበየሁ ለአገሩ አዲስ አልነበሩም። ፀጉራቸው የሸበተው ዶሃ ውስጥ መኪና ሲነዱ ነው። ከአገር ቤት የመጣ ወጣት ሁሉ ክፍል ሲፈልግ፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ኢቃማው፣ ሲዘገይበት፣ ከአለቃው ጋር ሲጋጭ የሚሄደው ወደ እሳቸው ነበር።

ሲራክ ከሜትሮ ጣቢያው ሲወጣ ያያቸው እንዲህ ቆመው ነው። መንገደኛው ሁሉ ከግድግዳው ጥላ ሥር ተጠጋግቶ ሳለ እሳቸው ብቻ ከሜዳው መሐል ፀሐይ ላይ ነበሩ። በእጃቸው ሁለት ስልክ ይዘዋል። አንዱ የራሳቸው ነው። ሁለተኛውን፣ መስታወቱ የተሰነጠቀውን፣ ሲራክ ወዲያው አወቀው። የለማ ስልክ ነበር። ለማ ደግሞ ትናንት ሞቷል።

ትናንት ጠዋት ዶሃ ተንቀጥቅጣ ነበር። የመሬቱ መናወጥ የተነሣው ከባሕሩ ማዶ ነው ተባለ። አገሩ ሜዳና አሸዋ በመሆኑ መሬት ይንቀጠቀጣል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም። ሲራክ በጥበቃ ሥራ ላይ ባለበት በዘ ፐርል፣ በሀብታሞቹ ሰፈር፣ ነዋሪዎቹ በቤት ልብሳቸው ወርደው እርስ በርሳቸው ፎቶ ተነሡ፤ ቀትር ላይ ነገሩ መሣቂያ ሆነ። በመንሱራ ግን የሚያሥቅ አልነበረም። ለማና አብረውት የሚኖሩት ሰዎች ወደ ጠባቡ መንገድ ሮጠው ወጡ። መሬቱ ለሁለተኛ ጊዜ ሲናወጥ፣ ከላይኛው ፎቅ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የኖረው የአየር ማቀዝቀዣ ሳጥን ከዛገው ብረቱ ተላቀቀና በለማ ላይ ወደቀ። ሲራክ እስከ ሰማው ድረስ በዚያ ቀን ሌላ የሞተ ሰው የለም።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት ጋሽ ገበየሁ። ወደ ጥላው ይምጡ እንጂ፣ ፀሐዩ መታዎት እኮ።»

«እዚሁ ይሻለኛል።»

«ላብዎ እየወረደ ነው።»

«እዚሁ ይሻለኛል አልኩህ፣ ልጄ።» ቀና ብለው ግድግዳውን አዩና ዓይናቸውን መለሱ። «ከለማ ኩባንያ ቢሮ ነው የመጣሁት። ወረቀቱ ሁሉ አልቋል። አስከሬኑ ነገ ማታ ይሳፈራል።»

«አልታየችስ እንዴት ሆነች?»

ጋሽ ገበየሁ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ። አልታየች የለማ ታናሽ እህት ናት። ኡም ሰላል መሐመድ በሚባል ሰፈር በአንድ ቪላ ውስጥ የቤት ሠራተኛ ሆና ትሠራለች፤ ማዳም ስትፈቅድላት አርብ አርብ ወደ መንሱራው የጸሎት ኅብረት ትመጣለች። ሲራክ እንደገና ሊጠይቅ ሲል የተሰነጠቀው ስልክ ድምፅ አሰማ። ሽማግሌው እንደ ጋለ ብረት ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩት።

«አልነገሯትም?»

«አልነገርኳትም።»

«ታዲያ የምትጽፈው ለማን ነው?»

«ለወንድሟ።»

በአጠገቡ ካለች ትንሽ ካፍቴሪያ ገቡ። ሲራክ ሁለት ከረክ ሻይ አዘዘ። ጋሽ ገበየሁ ስልኩን ከፈቱትና አሳዩት፤ ምስጢር ቁጥሩን አብረውት የሚኖሩት ሁሉ ያውቁታል። ትናንት ቀትር ላይ አልታየች ደጋግማ ደውላ ነበር። ከዚያ በኋላ ከለማ ስልክ እንዲህ የሚል መልእክት ተልኮላታል፤ «አልታየች፣ ደህና ነኝ። ሥራ ላይ ስለሆንኩ ማንሣት አልችልም። ጌታ ይመስገን።»

«ይህን የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። ምን ላድርግ? ስልኩ አላቋርጥ አለ። ሬሳው ገና አልተነሣም ነበር።»

አሁን የመጣውን ከፈቱት። የአልታየች ድምፅ ነበር፤ ዝቅ ያለ፣ ሰው እንዳይሰማት የምትጠነቀቅ። «ለማዬ፣ ማዳምም ስለ አንተ ጠየቀችኝ፣ ደህና ነው አልኳት። ግን ድምፅህን ላክልኝ። አንድ ቃል ትበቃኛለች።»

ሲራክ የሰውን ሐሳብ እስከ መጨረሻው ሳይሰማ የሚፈርድ ወጣት አልነበረም። ስለዚህ ቁጣውን ከሻዩ ጋር ዋጠና ጠየቀ።

«እስከ መቼ ነው ያሰቡት?»

«ኮንትራቷ በጥር ያልቃል። አገሯ ትገባለች። ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ በር አንኳኩቶ፣ ግራና ቀኝ ይዞ በወጉ ያረዳታል። ስትወድቅ የሚያነሣት፣ ፊቷን ስትነጭ እጇን የሚይዝ ሰው ይኖራል። እዚህ ማን አላት? አሠሪዋ ባባ ይይዛታል? ማዳም ትይዛታለች? አንድ ጊዜ ስትጮኽ ኸላስ፣ በቃሽ ይሏታል፣ ከዚያ ሰሐን አጥባ ትተኛለች።»

«እስከ ጥር ማን ይጽፍላታል?»

«እኔው እጽፋለሁ።»

«ድምፅ ላክልኝ ስትልስ?»

«ስልኩ ተበላሽቷል እላለሁ።»

«አርብ መጥታ የት ሄደ ብትል?»

«የሥራ ቦታው ተቀይሮ ሩቅ ሄዷል እንላለን።»

«እንላለን? ኅብረቱ ሁሉ ሊዋሽ ነው?»

«ውሸት አትበለው። ማቆየት ነው። እናንተ የተማራችሁት ደግሞ ችኩሎች ናችሁ። ዩኒቨርሲቲው መርዶ ማርዳትም ያስተምር ነበር እንዴ?»

«የተማርኩት የውኃ ምሕንድስና ነው፣ ጋሽ ገበየሁ። እሱም ቢሆን የሰው በር ከመክፈት አላዳነኝም።»

ሽማግሌው ሳይወዱ በከንፈራቸው ጫፍ ፈገግ አሉ። ፈገግታው ወዲያው ጠፋ።

«ብርክቲን ታውቃታለህ? የአባቷን ሞት በስልክ ነገሯት። የፈላ ዘይት በእጇ ይዛ ነበር። እጇን አይተህ አታውቅም?»

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ!»

«በዚህ ልክ ነዎት» አለ ሲራክ። «በስልክ መርዶ መንገር ጭካኔ ነው። ብቻዋን ባለችበት መንገርም ጭካኔ ነው። ይህን አልከራከርዎትም። ግን ዘመድ መሰብሰብ፣ ደግፎ መያዝ፣ አብሮ ማልቀስ አንድ ነገር ነው። ሰባት ወር መዋሸት ሌላ ነገር ነው። እኛ ሁለቱን አንድ ላይ አስረን ወግ አልናቸው። ወጉ እስኪነጋ መጠበቅ ነበር እንጂ እስከ ጥር መጠበቅ አልነበረም።»

ጋሽ ገበየሁ ብርጭቋቸውን ማዞር ጀመሩ።

ወጉን ክፉ ሰዎች አልፈጠሩትም። ወሬ በእግር በሚሄድበት ዘመን፣ መርዶ ነጋሪው ሲደርስ ሟቹ ተቀብሮ አፈሩ ደርቆ ነበርና አንድ ሌሊት ማቆየት ከሰው ላይ የሚወስደው ነገር አልነበረም፤ አንድ ሌሊት እንቅልፍ ይሰጠው ነበር እንጂ። ዛሬ ግን አስከሬኑ ከእህቱ ቤት የአንድ ሰዓት መንገድ እንኳ በማይሞላ ቦታ ተኝቷል። ነገ ማታ ይሄዳል። ከሄደ በኋላ ምንም ዓይነት ወግ አይመልሰውም።

ሲራክ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቀጠለ። «አልታየች የእናቷን መርዶ ሰምታ ስትመለስ በኅብረቱ ፊት ቆማ የተናገረችውን ያስታውሳሉ?»

«አስታውሳለሁ።»

«ለማ ራሱ ነበር የደበቃት። እናታችን ጆሮዋ ደክሟል፣ ስልክ አትሰማም እያለ። እሷ ለሞቱ እናቷ ብርድ ልብስ ገዝታ ትልክ ነበር። አገሯ ለዕረፍት ስትገባ በማለዳ አረዷት፤ እንዳሉት፣ በወጉ። ከዚያ ምን ሆነ?»

ጋሽ ገበየሁ ስልኩን በግልባጩ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«ሰው ሁሉ እንባውን ጨርሶ ነበር አለች። ሊያጽናናኝ መጣ እንጂ አብሮኝ የሚያለቅስ አጣሁ አለች። ለማ ያን ቀን ከኋላ ተቀምጦ አንገቱን ደፍቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ምንም ነገር እንደማይደብቃት ቃል ገብቶላታል። ትናንት ግን በእሱ ስልክ፣ በእሱ ስም ዋሸናት።»

ካፍቴሪያው ውስጥ ሰው ይገባል፣ ይወጣል። አንድ ሰው ስለ መሬት መንቀጥቀጡ እየቀለደ ጠረጴዛውን በእጁ ነቀነቀ፤ ጓደኞቹ ሣቁ። ጋሽ ገበየሁ ደንግጠው ብርጭቋቸውን መቱትና ሻዩ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ሊጠርጉት አልሞከሩም።

«ምንም አይደለም ያልኳቸው እኔ ነኝ» አሉ።

«ማንን?»

«ልጆቹን። መጀመሪያ ሲነቃነቅ ሁሉም ወርደው መንገዱ መሐል ቆሙ። ይህ አሸዋ አገር ነው፣ እዚህ መሬት አይንቀጠቀጥም፣ ከባድ መኪና ነው አልኳቸው። አመኑኝ። እኔን የማያምን ማን አለ? ለማ ፀሐይ ላይ ቆሞ ነበር። ለማ፣ ና ወደ ጥላው፣ ትታመማለህ ብዬ ጠራሁት።» እጃቸውን ወደ ደጅ ዘርግተው በአየር ላይ ተዉት። «መጣ። ከግድግዳው ሥር ቆመ። ያኔ ነው ሁለተኛው የመጣው።»

ሲራክ ጋሽ ገበየሁ በሜዳው መሐል ለምን እንደ ቆሙ አሁን ገባው። ከግንብ ሥር መቆም እንደማይገባ፣ መሬት አንዴ ከተነቃነቀ መልሶ ሊነቃነቅ እንደሚችል ያውቅ ነበር። ግን ይህን ለማስተማር ጊዜው አልነበረም።

«በክፋት አልጠሩትም» አለ።

«በክፋት አልጠራሁትም። ለዚያም አዝኜለት ነበር፤ ለዚህችም አዝኜላት ነው።» ስልኩን አዩት። «ምንም አይደለም ብዬ እሱን ገደልኩት፤ ደህና ነኝ ብዬ ደግሞ ለእሷ ጻፍኩላት። ወንድ ልጅ ስንት ጊዜ በአንድ ነገር ይሳሳታል?»

«አልገደሉትም። ለሁለተኛው ግን ጊዜ አለን። ዓረብኛዎን ማን ይወዳደረዋል? ማዳምን ያነጋግሯት። ከኅብረቱ እኅት አስካለን እንጥራት፤ ሴት አብራን ትሁን። ሥራ በእጇ ሳይኖር፣ ተቀምጣ፣ ሰው ይዟት ትስማ።»

ጋሽ ገበየሁ ስልኩን ኪሳቸው ከተቱት። ከዚያ ተነሡ። «ያላ፣ እንሂድ» አሉ። «ፀሐይ ሳትጠልቅ።»

ማዳም ከበሩ ላይ ቆማ አዳመጠቻቸው። ጋሽ ገበየሁ በዓረብኛ በዝግታ አስረዷት። እጇን አፏ ላይ ጫነችና አንድ ነገር ጠየቀች። ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ።

«ምን አለች?» አለ ሲራክ።

«መቼ ነው የሞተው አለችኝ። ትናንት አልኳት። ታዲያ እስከ አሁን ምን ትጠብቁ ነበር አለችኝ።»

ማዳም ራሷ ገብታ አልታየችን ጠራቻት። አልታየች እጇን በሽርጧ እየጠረገች ወጣች። ጋሽ ገበየሁን አየች፤ አስካለን አየች፤ ሲራክን አየች። አርብ አልነበረም። ማንም አፉን ሳይከፍት ቀስ ብላ ከደረጃው ላይ ተቀመጠች። አስካለ ሮጣ ከጎኗ ተቀመጠችና ወገቧን ያዘቻት።

«ትናንት የጻፈልኝ ማን ነው?» አለች።

«እኔ ነኝ፣ ልጄ» አሉ ጋሽ ገበየሁ።

«አልታየች ብሎ። ለማ አንድ ቀን አልታየች ብሎኝ አያውቅም። ሚጡ ነው የሚለኝ።» ድምፅዋ አልጮኸም። «ሌሊቱን ሁሉ ቁጭ ብዬ ነው ያደርኩት። ነገሩን ለማን እነግራለሁ? ደህና ነኝ እያለ።»

ሲራክ ከብዙ ክርክር በኋላም ያላሰበው ይህን ነበር። ከሐዘን አዳንናት ያሉበት ያ ሌሊት ለእሷ ከሌሊቶች ሁሉ የከፋ ሆኖ አልፏል። ያለ ለቅሶ፣ ያለ ሰው፣ ያለ እርግጠኝነት።

ጋሽ ገበየሁ ተንበረከኩ፤ ነገሩን ሁሉ ነገሯት። ጥላውንም አልደበቁም፤ ወደ ግድግዳው የጠሩት እሳቸው እንደ ሆኑ ተናገሩ። አልታየች እንባዋ እየወረደ ሰማች። ሲጨርሱ ለረጅም ጊዜ አየቻቸው።

«ፀሐይ አይችልም ነበር» አለች። «ከልጅነቱ ጀምሮ።» ከዚያ በአስካለ ትከሻ ላይ ወድቃ ጮኸች፤ ማንም ኸላስ አላላትም። ማዳም ውኃ ይዛ ከኋላ ቆማ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት አልታየች የወንድሟን ፊት አየች፤ ግንባሩን ሳመች። ማዳም ስለ ፈቀደችላት በዚያው አውሮፕላን አብራው ሄደች። ይህ ሁሉ የሆነው በአንድ ከሰዓት ውሳኔ ነው። ወደ ኡም ሰላል ባይሄዱ ኖሮ እስከ ጥር ድረስ ለሞተ ሰው እየጻፈች ትኖር ነበር።

ከዚያ ወዲህ በመንሱራው ኅብረት መርዶ አይደበቅም፤ በስልክም አይነገርም። ሞት በተሰማ ዕለት ሁለትና ሦስት ሰው በቀን ብርሃን ይሄዳል፤ አሠሪዎቹን አስቀድሞ ያነጋግራል፤ ባለ ሐዘኑን አስቀምጦ፣ ደግፎ ይነግረዋል፤ አብሮትም ያለቅሳል። ይህን ሥርዓት በኅብረቱ ፊት ቆመው የጠየቁት ጋሽ ገበየሁ ናቸው። በዚያው ቀን ሌላም ነገር ጠየቁ፤ መሬት ሲነቃነቅ ማንም ከግንብ ሥር እንዳይቆም፣ ምንም አይደለም የሚለውንም ሰው እንዳይሰማ፣ እሳቸውም ቢሆኑ።

ቀብሩ በተፈጸመ ማግሥት በጋሽ ገበየሁ ስልክ ላይ የድምፅ መልእክት መጣ። ሲራክ አጠገባቸው ነበር። ከኋላ የብዙ ሰው ለቅሶ ይሰማል፤ የአልታየች ድምፅ ደክሞ ሰልሏል።

«ጋሽዬ፣ ደርሰናል። ቀበርነው። ሰዉን ይሰሙታል? ዘንድሮ አብረውኝ ነው የሚያለቅሱት።»