ገዲሴ ድንጋይ ልትሸከም የተጠራች ዕለት

በ፲፱፻፶፮ ዓ.ም. በኅዳር ወር አንድ እሑድ፣ ከመካኒሳ አቦ ቅዳሴ ወጥቼ ወደ ቤቴ ስሄድ አቶ መኩሪያን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። አቶ መኩሪያ የሰፈራችን ሽማግሌዎች ሰብሳቢ ናቸው። የተጣላ ያስታርቃሉ፤ እኔም እንደ አባት አያቸዋለሁ።

«ጋሽ መኩሪያ፣ እንደምን አደሩ? ወዴት ነው እንዲህ ችኮላው?» አልኳቸው።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ትሩፋት። የሞልቱን ልጅ ነገር ዛሬ ልንጨርስ ነው። ጎረቤት አይደላችሁ፣ ሰምተሽ የለ?»

ሰምቼ ነበር። ገዲሴ ሃያ ዓመት የሞላት፣ ከእናቷ ከሞልቱ ጋር ላም እያረባች ወተት የምትሸጥ ልጅ ናት። በክረምቱ መግቢያ እህል ልታስፈጭ ሄዳ ተራዋ መጨረሻ ላይ ደረሰ። ሌላው ሰው ከሄደ በኋላ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ከበበው በሩን ዘግቶ በግድ ደፈራት። ለማንም ሳትናገር ክረምቱ አለፈ። መስቀል ሲቃረብ እናቷ ወፍጮ ቤት ብትልካት እምቢ አለች፤ ብትቆጣት አለቀሰች፤ በመጨረሻ የሰውየውን ስም ጠርታ «ደፈረኝ» አለች እንጂ ሌላ አልጨመረችም።

ሞልቱ ወደ ሽማግሌዎች ሮጠች። እነሱም በሰፈራችን ልማድ ልጅቱን ሸንጎ ከሚቀመጡበት ዋርካ ሥር አቁመው፣ ከበበውንና አጎቶቹን ፊት ለፊቷ አስቀምጠው፣ «ከመጀመሪያው ጀምረሽ ተናገሪ» አሏት። ሁለት ጊዜ ተጠራች፤ ሁለቱንም ጊዜ መሬት መሬት እያየች ዝም አለች። ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ያልተናገረ ከሳሽ በልማዳችን እንደ ሐሰተኛ ይቆጠራል። ሐሰተኛ የተባለም በአንገቱ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ከተከሳሹ እግር ሥር ወድቆ ይቅርታ ይለምናል።

«ዛሬም ዝም ካለች ምን ልታደርጓት ነው?» አልኩ።

«ምን ይደረጋል? ድንጋዩን ትሸከማለቻ! የሰው ስም እኮ ነው የጠፋው። ከበበው ባለ ትዳር ነው። ለቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ቆርቆሮ የሰጠ ሰው ነው።»

«ቆርቆሮ የሰጠ ሰው አይበድልም?»

«አንቺ ደግሞ! የማታ ትምህርት ከገባሽ ወዲህ ምላስሽ ተሳለ» አሉ ፈገግ ብለው።

«እዚያ የሚያስተምሩኝ ንባብ ነው ጋሼ፤ ምላሱስ ዱሮም ነበረኝ።»

እንዲህ ብመልስም ነገሩ ለኔ ቀልድ አልነበረም። ሦስት ሴት ልጆች አሉኝ፤ ሦስቱንም ወደዚያው ወፍጮ ቤት እልካቸዋለሁ።

«እሺ፣ እውነት ከሆነ ያን ለታ ለምን አልጮኸችም?» አሉኝ ቆም ብለው።

«የዚያ ወፍጮ ሞተር እርስዎ ቤት ድረስ ይሰማል። ሞተሩ አጠገብ ቆሞ የሚጮኽን ሰው ማን ይሰማዋል? ደግሞ ሰው ሲደነግጥ ድምፁ ይጠፋል።»

«ይሁን። በማግሥቱስ? ክረምቱን ሙሉ ምን ትጠብቅ ነበር?»

«ብትናገር ምን እንደሚመጣባት ታውቃለች። መጀመሪያ ‹ምን ልትሠሪ ብቻሽን ቀረሽ?› ትባላለች። ለጋብቻ የሚጠይቃት ይጠፋል። እናቷም ልጇን ያላሳደገች ተብላ ትታማለች። ሰውየው ግን ጠዋት ተነሥቶ ሞተሩን ያስነሳል፤ እኛም እህላችንን ተሸክመን እንሄድለታለን።»

«እሱስ እውነት ነው» አሉ ሳይወዱ። «ግን እኛ እኮ አባቶቿ ነን። በአባት ፊት ምን ያሳፍራል?»

ይህን ሲሉኝ ላነሣው የማልፈልገው ነገር አፌ ላይ መጣ።

«ይቆጡኛል ብዬ እፈራለሁ። አምና ኪንታሮት አሞዎት አልነበረም?»

ፊታቸው ተለዋወጠ። «ማን ነገረሽ? የነገረሽ ያ ባልሽ እንግዳ ነው! አፉ አይዘጋም!»

«ደግፎ ሐኪም ቤት የወሰደዎት እሱ ስለሆነ ነው፤ አይቆጡት። እስኪ ይንገሩኝ፣ እስከ መቼ ደብቀውት ነበር?»

«እስክወድቅ ድረስ።»

«ለባለቤትዎም አልነገሩም?»

«ምን ብዬ ልንገራት!»

«ሐኪሙ ሲጠይቅዎትስ?»

በከዘራቸው መሬቱን ጫር ጫር እያደረጉ «ሰው ሁሉ ይውጣልኝ አልኩ» አሉ። «እንግዳንም አስወጣሁት።»

«ያ ሕመም ነው፤ በሕመምዎ ማንም አልፈረደብዎትም። ሐኪሙም ሊያድንዎት የተቀመጠ ሰው ነው። እርስዎ በዚህ ዕድሜዎና በዚህ ክብርዎ ያን ለመናገር ክፍሉ ባዶ እንዲሆን ፈለጉ። ገዲሴን ግን ከዚያ የከፋውን ነገር በአደባባይ፣ በበደላት ሰው ፊት፣ አጎቶቹ እየሳቁባት ተናገሪ ትሏታላችሁ። ዝም ስትል ደግሞ ዋሸች ነው።»

አቶ መኩሪያ መንገድ ዳር ካለው የድንጋይ አጥር ላይ ቁጭ አሉ። «አጎቶቹ ስቀዋል» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሰምቻቸዋለሁ። ዝም ማሰኘት ነበረብኝ።»

አብሬያቸው ሄድኩ፤ ዋርካው ሥር ስንደርስ ሰው ተሰብስቦ፣ ድንጋዩም ቀርቦ ነበር። አቶ መኩሪያ ሳይቀመጡ «ዛሬ ሸንጎ የለም። ይህ ነገር የፖሊስና የሐኪም እንጂ የኛ አልነበረም። ልጅቱ መናገር ከፈለገች በቤቷ እንሰማታለን» አሉ።

«ምነው ጋሼ፣ ሴት መከረችዎት?» አለ አንዱ አጎት። ሰዉ ሳቀ።

«አዎ፣ መከረችኝ። አንተንም የሚመክርህ አይጥፋ» አሉት።

ከገዲሴ ጋር እኔና ሞልቱ ብቻ ወደ ቤት ገባን። አቶ መኩሪያ ከደጅ ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀመጡ። ማንም አላዋከባትም። ብዙ ከቆየች በኋላ ተናገረች። የተናገረችውን እዚህ አልጽፈውም፤ የራሷ ነው።

ስትጨርስ ሞልቱ ደረቷን እየመታች «ልጄ፣ እኔ እናትሽ ነኝ። ለኔ እንኳ ያን ለታ ለምን አልነገርሽኝም?» አለቻት።

ገዲሴ ቀና ሳትል «ስለ ቡዜ ስታወሪ ሰምቼሻለሁ» አለች።

ቡዜ ከጥቂት ዓመታት በፊት እንዲሁ ተደፍራ፣ እንዲሁ መናገር አቅቷት፣ ድንጋይ ተሸክማ ይቅርታ የለመነች የሰፈራችን ልጅ ናት። ወዲያው ከሰፈር ጠፋች። ያኔ ሞልቱ ላሟን እያለበች ለጎረቤት «ራሷ ፈልጋ ነው፤ ጨዋ ልጅ እንዲህ አይደርስባትም» ትል ነበር። ገዲሴ ጥጃውን ይዛ ከአጠገቧ ቆማ ነበር።

ከደጅ የአቶ መኩሪያ ድምፅ መጣ፦ «የቡዜን ድንጋይ የመረጥኩላት እኔ ነኝ። ቀለል ያለውን ፈልጌ። ያ ደግነት መስሎኝ ነበር።»

በማግሥቱ ገዲሴን ይዘን ፖሊስ ጣቢያ ሄድን። ፖሊስ የላከን ሐኪም ጊዜው ስላለፈ የሚያየው ጥቂት ነገር ብቻ መሆኑን ነገረን፤ ያንን ስሰማ አዘንኩ። ነገር ግን ገዲሴ መናገሯን የሰሙ ሌሎች ሁለት ሴቶች እነሱም በዚያው ሰው መደፈራቸውን ገለጡ፤ ከበበውም ተከሶ ፍርድ ቤት ቀረበ። ሽማግሌዎቹም እንዲህ ያለውን ነገር ዳግመኛ ዋርካ ሥር ላያዩ ተስማሙ። የተበደለች ልጅ በግል ከተሰማች፣ ቶሎ ከታከመችና ጥፋቱ በእሷ ላይ ካልተጫነ ትናገራለች፤ ስትናገር ደግሞ በዳዩ ወደ ሌላይቱ ልጅ አይሻገርም። ይህን ቀድመን አውቀን ቢሆን ቡዜ ዛሬ ከኛ ጋር በኖረች ነበር። አቶ መኩሪያ እስካሁን ያፈላልጓታል።

እኔም ያን እሑድ ማታ ልጆቼን ሰብስቤ «የምትነግሩኝ ነገር ካለ አልቆጣም» አልኳቸው። ሁለቱ ታናናሾች ታላቃቸውን አዩ። እሷ ግን የቀሚሷን ጫፍ ማየት ጀመረች። ምንም አልጠየቅኋትም፤ ታናናሾቿን ወደ ደጅ ልኬ፣ በሩን ዘግቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ።