ፀጉሬን የፈታሁ ቀን

እስቲ ፍረዱኝ። ቆቦ ለማስተማር በተመደብኩ ሰሞን፣ አንድ ቅዳሜ ፀጉሬን ልታጠብ ሹሩባዬን ፈትቼ በሚዶ አበጠርኩት። ተንጨፍርሮ ቆመ። ሻምፖውን አናቴ ላይ ጠብ ሳደርግ ዓይኔ ውስጥ ገባ፤ ቧንቧውን ብከፍት ውሃ የለም። እንባዬ ዱብ ዱብ እያለ ጎረቤቴ እትዬ ዘውዴ ዘንድ ውሃ ልለምን ሮጥኩ።

ገና በሩን ሲከፍቱልኝ «ዋይ ልጄን!» ብለው ደረታቸውን መቱ። ጩኸታቸውን የሰሙ ሴቶች ከየቤቱ ወጡ። አንዷ «እናቷ ናት የሞተችው?» ስትል ሰማሁ። መርዶ መጀመሪያ ለጎረቤት እንደሚነገር አውቃለሁ፤ እናቴ ሞታ ደብቀውኝ ኖሯል ብዬ እኔም «እማዬን!» እያልኩ አቀለጥኩት። እነሱም ባሰባቸው።

እትዬ ዘውዴ አቅፈውኝ፣ «መቼ ሰማሽ ልጄ?» አሉኝ።

«አሁን፣ ከእናንተ።»

«ከእኛ? እኛማ ፀጉርሽን ፈትተሽ፣ እያለቀስሽ ስትመጪ አይተን ነው! ሐዘን ያልገባው ሰው እንዲህ ሆኖ ደጅ ይወጣል?»

«ኧረ ልታጠብ ነው የፈታሁት! እንባውም የሻምፖ ነው!»

እርስ በርስ ተያየን። ማንን እንደማምን ግራ ገባኝ። በእትዬ ዘውዴ ስልክ እናቴ ጋ ደወልኩ። አነሳችው! «እማዬ» ከማለቴ፣ ዘግይታ የደረሰች አንዲት ጎረቤት ከኋላዬ እሪ አለች።

«ምንድነው የምሰማው? ማን ሞቶ ነው?» አለች እናቴ።

አሁን ለእናት «አንቺ» ይባላል?