ጋሼ ሬይመንድ

አባቴ «ሰው ስሙ ይጠራል እንጂ አይቆጠርም» ይሉ ነበር። አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ ውስጥ፣ ለከተማው ቆጠራ ጎዳና የሚያድሩትን ልቆጥር ከበጎ ፈቃደኞች ጋር በወጣሁበት ሌሊት ይኸው ቃላቸው ያዘኝ። ድልድይ ሥር አንድ ሽማግሌ ካርቶን ላይ ተቀምጠዋል። አስተባባሪያችን «ቁጠርና እለፍ!» ቢለኝም ጣቴ እምቢ አለኝ። አቀማመጣቸው ቁርጥ አባቴን! የአባቴን ድምፅ ከሰማሁ ስንት ዘመኔ! ጎንበስ ብዬ ስማቸውን ጠየቅኋቸው።

«ሬይመንድ» አሉኝ።

«ጋሼ ሬይመንድ፣ እግዜር በሰላም ያሳድርዎ» አልኩ፤ በእንግሊዝኛው መሀል ጋሼው አመለጠኝ።

«ጋሼ ምንድን ነው?»

«በአገሬ ታላቅን በክብር የምንጠራበት ነው።»

አስተባባሪው «ና እንጂ!» ብሎ ሲጠራኝ ተነሣሁ፤ እሳቸው ግን እጄን ለቀም አደረጉና «ስሜን ከሰው አፍ ከሰማሁ ቆየሁ፤ እስቲ እንደዚያ አድርገህ አንዴ ጥራኝ» አሉኝ።