ይርዳው የጻፈው ካልኩሌተር

(ደሴ፣ ዝናብ የያዘው ከሰዓት በኋላ፤ የሟቹ መምህር ይርዳው ሚስት ታንጉት፣ ከቴሌቪዥን ጋር እየተሰካ የሚሠራ የድሮ ኮምፒውተርና እሱ የጻፈው የካልኩሌተር ፕሮግራም የተቀዳበት ካሴት ይዛ፣ የባሏ ባልደረባ የነበረው ጡረተኛው ልሳኑ ቤት መጥታለች።)

ታንጉት፦ ሰክተህ አስጀምርልኝ ነው ያልኩህ። ሌላ ምን ጠየቅሁህ?

ልሳኑ፦ ሠላሳ አምስት ዓመት የተኛ ዕቃ እኮ ነው፣ ታንጉት። ካሴቱም ሻግቷል።

ታንጉት፦ አልሻገተም። በየዓመቱ እየወለወልኩ ነው ያኖርኩት።

ልሳኑ፦ ቢሠራስ ምን ሊፈይድልሽ? መደመር፣ መቀነስ፣ ማባዛት፣ ማካፈል ነው። ስልክሽ ይበልጠዋል።

ታንጉት፦ ስልኬን ይርዳው አልጻፈውም። ይህንን ግን ከትምህርት ቤት እየተመለሰ ስድስት ወር ሙሉ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ነው የጻፈው። ሲከፈት "እንደምን ዋልክ፣ ቁጥር ስጠኝ" ይል ነበር፤ ፊደሉ የፈረንጅ፣ ቋንቋው የኛ። እሷን አንድ ጊዜ ላንብባት። ፎቶው እንደሆነ አይናገር።

ልሳኑ፦ ድምፁን አልችለውም።

ታንጉት፦ የምኑን ድምፅ?

ልሳኑ፦ ካሴቱ ሲጫን የሚጮኸውን። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ በጣለ ቁጥር እሰማዋለሁ። ይኸው አሁንም።

ታንጉት፦ ዝናብ ነው እኮ።

ልሳኑ፦ ላንቺ ነው ዝናብ።

ታንጉት፦ ፊትህ አመድ መሰለ። ምን ሆነሃል አንተ?

ልሳኑ፦ ይርዳው አንድ ነገር ጨምሮበት ነበር፤ እጣ። ተማሪ ወደ ሰሌዳ ለመጥራት። ስትጫኚው አንድ ቁጥር ያወጣል።

ታንጉት፦ አውቃለሁ።

ልሳኑ፦ ከትምህርት ቤቱ አንድ መምህር ይዝመት በተባለ ጊዜ፣ የቀረነው እኔና እሱ ነበርን። "ማሽን አያዳላም፣ እሱ ይፍረደን" ያልኩት እኔ ነኝ። ጎዶሎ ቢወጣ እኔ፣ ሙሉ ቢወጣ እሱ። ስምንት ወጣ።

ታንጉት፦ ሄደ፤ አልተመለሰም። ይህን አገር ያውቀዋል።

ልሳኑ፦ አገር የማያውቀው አለ። በእጣው ዋዜማ እሱ ክፍል ገብቶ ሲያስተምር፣ ከፕሮግራሙ አንዲት መስመር ቀየርኩበት። መቶ ጊዜ ቢጫኑት መቶ ጊዜ ስምንት ነው።

(ታንጉት የኮምፒውተሩን ገመድ መፍታት ትጀምራለች።)

ልሳኑ፦ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይላሉ። የተወጋው አርፏል። እንቅልፍ ያጣሁት የወጋሁት ነኝ። ስደቢኝ እንጂ።

ታንጉት፦ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያህ የት ነው? መሰኪያው አይደርስም።

ልሳኑ፦ አልሰማሽኝም?

ታንጉት፦ ሰማሁህ። ይርዳውም የዚያኑ ዕለት ነግሮኛል።

ልሳኑ፦ ምን ብሎ?

ታንጉት፦ "ልሳኑ መስመሯን ቀይሯታል፤ ሳልጫነው በፊት አይቻታለሁ" ብሎ። የገዛ ጽሑፉን ያጣዋል ብለህ ነው?

ልሳኑ፦ አይቶ? ታዲያ ለምን ተጫነው?

ታንጉት፦ እኔም ይህንኑ ጠየቅሁት። "የልሳኑ ሚስት መውለጃዋ ደርሷል፤ እኔ ልጅ የለኝ" አለኝ። ያን ጊዜ የሦስት ወር እርጉዝ ነበርኩ፤ እሱ አያውቅም። ነገሩ አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት።