የድንኳኑ ቁልፍና የውሽውሽ ጉዞ

የሰው ወሬ ማዳመጥ ነውር ነው እያልኩ ልጆቼን እቆጣለሁ። ትናንት ግን ከሳሪስ ወደ አቃቂ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡ ባልና ሚስት ሲያወሩ ጆሮዬን መከልከል አልቻልኩም። ሚስትየዋ ጀመረች።

«ዘንድሮ ውሽውሽ እንሄዳለን። ከኮረብታ ኮረብታ ሻይ ቅጠል ብቻ ነው አሉ። ጠዋት ጠዋት ጉም ውስጥ ቆመህ ነው የምታየው።»

«ከፋ ድረስ? ሩቅ እኮ ነው።»

«የዓመት ፈቃድ አለህ አይደል? አምስት ቀን ይበቃናል።»

«የእድሩ ድንኳን ቁልፍ እኔ ጋ ነው። ሰው ቢሞትስ?»

«አምናም ሰው ቢሞትስ ብለህ አስቀረኸኝ። ማን ሞተ?»

«ማንም።»

«ካቻምናስ?»

«ጋሽ በቀለ በጠና ታመው ነበር።»

«ጋሽ በቀለ ድነው ባለፈው እሁድ ሰርግ ላይ እስክስታ ሲወርዱ አላየህም?»

ከኋላ ወንበር አንድ ሰው ሳቀ።

«አንቺ፣ ይሄ አደራ ነው። እኔ ከያዝኩት ጀምሮ ለቅሶ ቤት ድንኳን ዘግይቶ አያውቅም።»

«አደራነቱንማ አውቃለሁ። ለዚህ ነው ዛሬ ጠዋት ቁልፉን ለጋሽ በቀለ የሰጠኋቸው።»

«ምን አልሽ?»

«‹ሂዱ ልጆቼ፣ እስክትመለሱ እኔም አልሞትም› ብለው መረቁኝ።»

ሰውየው ኪሱን ዳበሰ። ቃሊቲን ስናልፍ ወደ ሚስቱ ዞር አለ።

«ብርድ አለው እንዴ አገሩ?»

«ሹራብህን አጥቤዋለሁ።»

እኔም ባለቤቴ ላንጋኖን አሳየኝ ካለችኝ ስንት ዓመት እንደሆነ በጣቴ መቁጠር ጀመርኩና አስሩም ጣቶቼ አለቁ።